እንጀራዬ ክፍት የሥራ ቦታ ነው

ከበጎ አድራጎት ድርጅት አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ሲለቅ ሁለት ሰው ደስ ይለዋል። አንዱ ራሱ የለቀቀው ነው። ሁለተኛው እኔ ነኝ።

የምተዳደረው በማማከር ነው። ቢዝነስ ካርዴ «ድርጅታዊ ልማት፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ክትትልና ግምገማ» ይላል። አንድ ሰው ሦስቱንም እንዴት ቻላቸው ብሎ የሚጠረጥር አስተዋይ አይጠፋም፤ ደግነቱ ካርዴን የሚቀበሉኝ ሰዎች ለመጠርጠር ጊዜ የላቸውም። የሒሳብ ሠራተኛቸው ባለፈው ሳምንት ለቋል፤ የፕሮግራም ኃላፊዋ ወሊድ ላይ ናት፤ ለጋሹ ሪፖርቱን እስከ ወር መጨረሻ አምጡ ብሏል። የሚደወልልኝ እንዲህ ያለ ቀን ነው። ሠራተኛው የሞላለት፣ ሥራው ሰላም የሆነለት ድርጅት እስካሁን ደውሎልኝ አያውቅም። እንዲህ ያለው ድርጅት እንዳይበዛ እጸልያለሁ ብል ማጋነን ነው። ብዙ ግን አላጋነንኩም።

እኔም ድሮ ደመወዝተኛ ነበርኩ። አንድ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ የክትትልና ግምገማ (ኤም ኤንድ ኢ) ኦፊሰር ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ድርጅታችን የፕሮጀክት ማጠቃለያ ግምገማ እንዲሠራለት አማካሪ ቀጠረ። ሰውዬው መጣና ጠረጴዛዬ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መረጃውን የሰጠሁት እኔ፣ ሠንጠረዡን የሠራሁለት እኔ፣ ፎቶግራፎቹን የመረጥኩለት እኔ። ለድካሜ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ከዚያ ለሌላ ጉዳይ ሒሳብ ክፍል ስገባ የክፍያ ማዘዣው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ሌላ ሰው ቢሆን በአሠራሩ ይናደድ ነበር። እኔ የተናደድኩት ወንበሩን የሳብኩት እኔ ባለመሆኔ ነው። መልቀቂያዬን አስገባሁ።

ዓመት ሳይሞላ ያው ድርጅት የሠራተኛ ፍልሰት ጥናት ለማሠራት የሥራ መዘርዝር (ቲኦአር) አወጣ። ተወዳደርኩ፤ አሸነፍኩ። የለቀቁትን ሠራተኞች ዝርዝር ሲሰጡኝ ስሜ መሃል ላይ ተቀምጧል። «የለቀቁበት ምክንያት» በሚለው ዓምድ ለራሴ «የተሻለ ዕድል» ብዬ ሞላሁና አለፍኩ። ስለ ጥቅም ግጭት የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም አላስታወስኳቸውም።

ለሠራተኛ የሚጨምሩት ብር ያጡ ድርጅቶች ለአንተ ከየት አምጥተው ይከፍላሉ ብሎ የሚጠይቀኝ ዘመድ አለ። ይህ ጥያቄ ሲነሳ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ከማውቃቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ድርጅቶች ከበጀታቸው ለአስተዳደር ማዋል የሚችሉት እስከ 30 በመቶ ድረስ ነበር። ችግሩ ከቁጥሩ ይልቅ አስተዳደር የሚባለው ነገር መስፋቱ ነበር፤ ሜዳ ወርዶ ሥራ የመከታተል ጉዞ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ይገባብን ነበር እያሉ የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 ዝቅ ቢያደርገውም ትርጉሙን አጠበበው፤ አሁን አስተዳደራዊ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የማይገናኝ፣ ለድርጅቱ ህልውና የሚወጣ ወጪ ነው። የለጋሾቹ ስስት ግን በአዋጅ አይሻሻልም። የአውሮፓ ኅብረት ለተዘዋዋሪ ወጪ የሚፈቅደው እስከ 7 በመቶ ነው። አሜሪካኖቹ ተመን ላልተደራደረ ድርጅት 10 በመቶ ይሰጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ወደ 15 አሳደጉት፤ ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፣ እመለስበታለሁ። ዳይሬክተሩም፣ ሒሳብ ሠራተኛዋም፣ ጥበቃውም፣ የቤት ኪራዩና መብራቱም የሚኖሩት ከዚህችው ጥቂት ላይ ነው።

እኔ ግን ተዘዋዋሪ ወጪ አይደለሁም። እኔ «የአቅም ግንባታ» ነኝ። የፕሮጀክቱ ተግባር ሆኜ፣ የራሴ የበጀት መስመር ተከፍቶልኝ፣ አስቀድሞ ጸድቄ ነው የምመጣው። ድርጅቱ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ጥቂት መቶ ብር ልጨምር ቢል ለጋሹን ማስፈቀድ፣ መከራከር፣ መለማመጥ አለበት። ሒሳብ ሠራተኛዋ ለምን እንደምትለቅ የሚያጠና አማካሪ ልቅጠር ቢል ገንዘቡ ተቀምጧል። በዚህ አሠራር ላይ ስብሰባ በመጣ ቁጥር አምርሬ እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ስታንፎርድ ሶሻል ኢኖቬሽን ሪቪው ላይ አን ጎጊንስ ግሪጎሪና ዶን ሃዋርድ የጻፉትን፣ ለጋሾች የአስተዳደር ወጪን እየነፈጉ ድርጅቶችን እንዴት እንደሚያስርቡ የሚያሳየውን ጽሑፍ ሳልጠቅስ የዘጋሁት ሪፖርት የለም። ጸሐፊዎቹ ብሪጅስፓን የተባለ አማካሪ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ እንደነበሩ አልናገርም። ሙያው ሲያሳፍር መደባበቅ ነው።

አንድ የሕፃናት ማሳደጊያና ድጋፍ ድርጅት አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱ የኔ ነውና። ሠራተኛ አልበረክትላቸው አለ። ጠሩኝ። እንደ ደንቡ ኢንሴፕሽን ሪፖርት አስገባሁ፤ ቁልፍ መረጃ ሰጪዎቼን ለየሁ፤ ዳይሬክተሯን፣ ክፍል ኃላፊዎቹን፣ የቦርድ አባላቱን አነጋገርኩ። ሁሉም «ደመወዝ ነው» አሉኝ። ይህማ ሪፖርት አይሞላም። ተስፋ ቆርጬ ግቢው ውስጥ ስንጎራደድ ንብረት ክፍል ገባሁ። ኃላፊው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ብርድ ልብስና ደብተር ተከምሮ በተደረደረበት መሃል፣ ቢን ካርዳቸውን እያመሳከሩ ተቀምጠዋል። ሥራዬን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም ፋይል ሳቡ።

የክሊራንስ ፋይል ነው። ማንም ሠራተኛ ሲለቅ ላፕቶፑን፣ ወንበሩን፣ ቁልፉን ለእሳቸው አስረክቦ ነው የሚፈርሙለት። እሳቸው ቅጾቹን በዓመት ሳይሆን በወር ነው የሚያስቀምጧቸው። የጥቅምት ቅጾች ስስ ናቸው። የጥር እንደዚያው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ሲደርሱ ፋይሉ አበጠ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ውላቸው ሰኔ 30 ያልቃል። እድሳቱ የሚመጣው ነሐሴ ነው። እስከዚያ ልጅ ያለው ሰው ምን ይብላ? ኪራዩን ማን ይክፈልለት? ስለዚህ ከፋሲካ ጀምሮ ሥራ መፈለግ ነው። ቀድሞ ያገኘ ይሄዳል።» ቅጾቹን አስተካከሉና «ጎበዙ ደግሞ ቀድሞ ያገኛል» አሉ።

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ውሉን ሚያዝያ ላይ ማደስ ነዋ!»

ይኸው ነው ጥናቱ። እኔ ፋይሉን በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ በወር ከፋፍዬ፣ ባለ ቀለም ግራፍ ሠርቼለት፣ «ወቅታዊ የውል ሥጋትና የሰው ኃይል ፍልሰት» የሚል ስም አወጣሁለት። በምስጋናው ገጽ ለጋሹን አመሰገንኩ፤ ዳይሬክተሯን አመሰገንኩ፤ የወረዳውን ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አመሰገንኩ። ንብረት ክፍል በናሙናዬ ውስጥ ስላልነበረ የሽማግሌው ስም የትም የለም። «ውል በሚያዝያ ይታደስ» የሚለውን የመፍትሔ ሐሳብም መጀመሪያ ላይ አላስቀመጥኩትም፣ ምክንያቱም ነፃ ነው። መጀመሪያ ያስቀመጥኩት «አጠቃላይ የሰው ኃይል ስትራቴጂና ማንዋል በባለሙያ ይዘጋጅ» የሚለውን ነው። ባለሙያው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ማንዋሉን ጽፌ ሳስረክብ ይተገብረዋል የተባለው የሰው ኃይል ኦፊሰር ለቆ ስለነበር፣ ፈርመው የተረከቡኝ እኚያው የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። እንደ ዕቃ መዘገቡት።

ሰነፍ ነኝ፤ ይህን ሳልናገር ወደምሰጠው ሥልጠና አላልፍም። ጎጃም ውስጥ የቤዝላይን ጥናት ስሠራ ቀደም ሲል አፋር የሠራሁትን ሪፖርት መነሻ አደረግሁት። ለወረዳዎቹ የሚሰጠውን የአማርኛ ማጠቃለያ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሰለቸኝ ኮምፒውተሩ «አፋር» የሚለውን ቃል ሁሉ «ጎጃም» እያለ እንዲቀይርልኝ አዘዝኩት። ግመሎቹን በእጄ ነቃቅዬ በበሬ ተካሁ። በዚህ እኮራ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላይ የማረጋገጫ ዎርክሾፑ ተጀመረ። አዳራሹ ሞልቷል፤ የወረዳ ባለሙያዎች፣ የገበሬ ማኅበር ሰዎች፣ ከኋላ ረድፍ ሴቶች። አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ።

«ዶክተር፣ አንድ ማብራሪያ እፈልጋለሁ።»

እዚህ ላይ ዶክተር አለመሆኔን መናገር ይኖርብኛል። ማስተርስ ነው ያለኝ። ዎርክሾፕ ላይ ፕሮጀክተር አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉ ዶክተር ይባላል፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ አቶ ነኝ ብዬ አላረምኩም። መጀመሪያ ሰሞን ፈገግ እል ነበር፤ አሁን አቶ የሚለኝ ሲመጣ ቅር ይለኛል።

«ገጽ 11 ላይ» አለ ሰውዬው፣ «‹የወረዳው ሴቶች ዓይን ጎጃም በመሆናቸው በስብሰባ ሐሳባቸውን አይገልጹም› ይላል። ዓይን ጎጃም ምንድን ነው?»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አንድ ጨዋ ሰው ይቅርታ ጠይቆ የሚያልፈው ነገር ነው። እኔ ግን ዶክተር ነኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «የአካባቢው አነጋገር ነው» አልኩ።

«እኛ እኮ የአካባቢው ተወላጆች ነን!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ በረድ ሲል ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት ማይክሮፎን ሳትጠብቅ ብድግ አለች። «እኛ ዓይን ጎጃምም፣ ዓይን አፋርም አይደለንም፤ የሚጠይቀን ጠፍቶ ነው እንጂ» አለች። ለሌላ ሪፖርት ማለፊያ ግኝት ነበር፤ የክፍያዬ የመጨረሻ ክፍል የሚለቀቀው ግን ይህኛው ሲጸድቅ ስለሆነ «ይካተታል» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥልጠና ስሰጥ ደግሞ ትጉህ ነኝ፤ ጉዳቱም ከስንፍናዬ ይብሳል። ሎግፍሬም የሚባለውን የፕሮጀክት ዕቅድ ሠንጠረዥ አስተምራለሁ። ይህን ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1969 ለዩኤስኤይድ የሠሩለት የሙያ አያቶቼ፣ አማካሪዎች ናቸው፤ ለጋሽና ተረጂ ተስማምተው የተረዱት መስሎ እስካሁን ይኖራል። የአንድ አነስተኛ ድርጅት ሠራተኛ ሎግፍሬምና የፕሮፖዛል አጻጻፍ አሳምሮ ካወቀ ሲቪው ያምራል፤ ሲቪው ካማረ ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ይጠሩታል። ሥልጠናው ካለቀ ከወር በኋላ «ጋሼ፣ ተሳክቶልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚል ስልክ ይመጣልኛል። ያሠለጠነው ድርጅት ደግሞ ሌላ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ አዲሱም ሥልጠና ያስፈልገዋል።

ትልልቆቹ ይህን ማወቃቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2015 «ቻርተር ፎር ቼንጅ» በተባለ ሰነድ የፈረሙ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ በአደጋ ጊዜ ከአገር በቀል ድርጅት ሠራተኛ ከወሰዱ ካሣ ለመክፈል ቃል ገብተዋል፤ ለምሳሌነት የተጠቀሰውም የመጀመሪያው ስድስት ወር ደመወዝ 10 በመቶ ነው። በየመድረኩ «ስንቶቻችሁ ከፈላችሁ?» እያልኩ ሳፋጥጣቸው ጭብጨባ አገኛለሁ። ያጨበጨበችልኝን አንዲት ልጅ ከመድረኩ ስወርድ ጠጋ ብዬ «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ለምን ከእኔ ጋር አትሠሪም?» አልኳት። የዚያው የሕፃናት ድርጅት ኤም ኤንድ ኢ ኦፊሰር ነበረች። 10 በመቶውን ከፈልክ ወይ የሚለኝ ካለ፣ እኔ ሰነዱን አልፈረምኩም።

ወደ አሜሪካኖቹ ልመለስ። በጥምቀት ማግሥት፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዋሽንግተን ላይ የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ተፈረመ። በአራተኛው ቀን ሥራ አቁሙ የሚለው ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል ማቋረጡ ተዘገበ። አብዛኞቹ በኤችአይቪ ሥራ የተሠማሩ ነበሩ። ሰዉ የሚያወራው መድኃኒት ይቋረጥ ይሆን እያለ ነው። እኔ ያሰብኩት ያልተከፈለኝን 30 በመቶ ነው። ለአንዱ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ደወልኩና ከሰላምታ ቀጥዬ «የመጨረሻ ክፍያዬስ?» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ ራሴ የዚህን ወር ደመወዝ አላገኘሁም፤ አሁን መሳቢያዬን እያራገፍኩ ነው» አለኝ። አይዞህ ማለት ሲገባኝ «እሺ፣ ከመውጣትህ በፊት ማዘዣውን ፈርምልኝ» አልኩት። ይህን የጻፍኩት ለማንም ነግሬው ስለማላውቅ ነው።

ከዚያ በኋላ የሥራ ማጣት ሐዘኑ ሳይወጣ ከተማው በአማካሪ ተጥለቀለቀ። የተቀነሰ ሁሉ አማካሪ ሆነ። ድሮ ሁለት ሦስት ሆነን የምንቀርብበት የጨረታ መክፈቻ ላይ ወንበር ጠፋ። አንዱ ተወዳዳሪ ቴክኒካል ፕሮፖዛሉን ሲያቀርብ ስላይዶቹን አወቅኋቸው። ለሥልጠና የሰጠኋቸው የኔው ስላይዶች ናቸው፤ እሱ ግን የፊደል ግድፈቱን አርሞታል።

የወሰድኳት ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ከእኔ ጋር ነበረች። አሠሪነቴን ልናገር። የሥራ ውል በጽሑፍ አልሰጠኋትም፤ እኔ ለሌሎች ስለ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሳሠለጥን የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም እያልኩ፣ ከእሷ ጋር ግን ከዓመት በላይ «እየተያየን» ነበርን። ጡረታዋን አልከፈልኩም፤ «ገና ቤተሰብ ነን» እል ነበር። ደመወዟን የምከፍላት ለጋሽ ሲከፍለኝ ነው። ሪፖርት የሚጻፈው በእሷ ነው፤ በመጨረሻ ገጽ ላይ «ረዳት» ተብላ ትጠቀሳለች፣ ቦታ ካለ።

አንድ ሰኞ መልቀቂያዋን አመጣች። ከደብዳቤዋ ጋር አንድ ቅጽ አያይዛለች። የመልቀቂያ ቃለ መጠይቅ ቅጽ ነው፤ ለሕፃናት ድርጅቱ እኔ ያዘጋጀሁት፣ ማለትም እሷ ያዘጋጀችውና እኔ የፈረምኩበት። ሳልጠይቃት ሞልታዋለች። «የሥራ ውልዎ ግልጽ ነበር?» ለሚለው «የትኛው ውል?» ብላለች። «ደመወዝዎ በወቅቱ ይከፈልዎ ነበር?» ለሚለው የተከፈላትን ቀን ሁሉ በዝርዝር ጽፋለች፤ ቦታው ስላልበቃት በጀርባው ዞራለች። «ድርጅቱ ምን ቢያሻሽል ይቆዩ ነበር?» ለሚለው መልሷ አጭር ነው፤ «ሪፖርታችን ገጽ 41።»

ገጽ 41 ላይ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። አስከፍቼ አነበብኩት። የሽማግሌው ሐሳብ ነው፤ እኔ ወደ ታች የገፋሁት።

«የት ልትገቢ ነው?» አልኳት።

«የድሮ ቦታዬ። ውሉን ሚያዝያ ላይ ማደስ ጀምረዋል። ለጋሹን ያሳመኑት ጋሼ ንብረት ክፍሉ ናቸው፤ ፋይላቸውን ይዘው ስብሰባ ገቡ አሉ።»

እኔን አልጠሩኝም። አንድ ቃል እንኳ አልጨመርኩበትም፤ ስለዚህ ነው መሰለኝ የተሳካው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠየቀችኝ፤ እንደለመድኩት «ጻፊውና ልፈርምልሽ» አልኳት። ጽፋ አመጣች። የሥራ ድርሻዋ ላይ «ሪፖርቶችን በሙሉ ማዘጋጀት» ይላል። እስክሪብቶዬን አንስቼ «በሙሉ» የሚለው ላይ ቆየሁ፤ ልሰርዘው ብዬ ሳይሆን፣ ሌላ ደንበኛ ቢያየው ብዬ ነው። ቀና ብዬ ሳያት እየጠበቀችኝ ነው። ፈረምኩ፤ ማኅተምም አደረግሁበት።

ልትወጣ ስትል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዓርብ የሚዘጋ ጨረታ አለኝ፤ ርእሱ የሠራተኛ ፍልሰትን መግታት ነው። የቡድን አባላት ሲቪ ይጠይቃል፤ ቡድኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሲቪሽን ባስገባው ቅር ይልሻል?»

«አይለኝም ጋሼ» አለችና የቀን ክፍያዋን ነገረችኝ። ከእኔ ይበልጣል።